የሎታር ትንፋሽ

ካሮላ በወንድሟ ላይ የያዘችው ቂም አንድ ነው፤ ግን ሠላሳ ዓመት ተሸክማዋለች። ራይክ የአባታቸውን የመጨረሻ ትንፋሽ ወስዶ ሰው አስጨፈረበት። ይህን ለጎረቤት አውርታው አታውቅም። "ትንፋሽ ደግሞ ይሰረቃል እንዴ?" ብለው እንዳይስቁባት ነው። እሷ ግን እንደሚሰረቅ ታውቃለች።

ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው ሐሙስ ጠዋት አባቷ መቃብር ላይ ተንበርክካ፣ የተከለቻቸውን አበቦች ከነሥራቸውና ከነአፈራቸው እየነቀለች ባልዲ ውስጥ ትከት ነበር። የመቃብሩ የኪራይ ጊዜ አልቋል። አንድ ጊዜ አስረዝማው ነበር፤ አሁን ግን ያ ጥግ በሙሉ ሊዘጋ ስለሆነ ማራዘም የለም ተባለች። ቀትር ላይ ድንጋዩ ይነቀላል። ወሳጅ ያጣ ድንጋይ ተፈጭቶ የመንገድ ጠጠር ይሆናል።

የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች። ቀና ብላ ሳታይ ማን እንደሆነ በጫማው ኮቴ አወቀችው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጥቁር ቦት ጫማ ያደርጋል። ጸጉሩንም ጥቁር ይቀባል፤ ሥሩ ላይ ሽበቱ ብቅ ብሏል። ከላይ የሚያብለጨልጭ የሥራ ሰደርያ ደርቧል፤ ቀን ቀን በመኪና እየዞረ ዕቃ ያደርሳል።

"እትዬ፣ ደህና አደርሽ?" አላት።

እትዬ የሚላት የሆነ ነገር ሲፈልግ ብቻ ነው።

"ምን ልትወስድ መጣህ?"

"መጀመሪያ ደህና ነኝ በይኝ እንጂ።"

"ደህና ነኝ። ምን ልትወስድ መጣህ?"

ራይክ ድንጋዩን አየ። ሁለት የተጠላለፉ መዶሻዎች ተቀርጸውበታል፤ ከሥራቸው የሎታር ስም፣ ከስሙ ሥር ደግሞ ማዕድን ቆፋሪዎች ጉድጓድ ሲወርዱ የሚባባሉት ሰላምታ፤ በሰላም ውጣ።

"ይሄንን" አለ።

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳት። በጰራቅሊጦስ እሁድ ላይፕዚግ ከተማ፣ የጨለማ ሙዚቃ ወዳጅ ጥቁር ለባሹ ሁሉ ከየአገሩ በሚሰበሰብበት በዓል፣ ትልቁን አዳራሽ ለእሱ ሰጥተውታል። በአባታቸው ትንፋሽ የሠራው ዘፈን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ድንጋዩን መድረኩ መሐል አቁሞ ከሥሩ መብራት ሊያደርግበት አስቧል።

"አባባ ራሱ መድረክ ላይ ቆመ ማለት እኮ ነው።"

"አባባ መቆም የተወው ሳይሞት ነው። ተወው፣ አላስፈላጊ ሥራ አታብዛበት።"

"ሌላም ነገር አለ" አለ ራይክ፤ ዓይኑን ከባልዲው ላይ ሳያነሳ። "የአባባን ትንፋሽ የቀዳሁበትን ካሴት ሙሉውን ልለቀው ነው። እስከ መጨረሻው።"

የካሮላ እጅ አፈሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ነገሩ የጀመረው አባታቸው የሚሠራበት ማዕድን ማውጫ በተዘጋ ጊዜ ነው። የምሥራቁና የምዕራቡ ድንበር ተከፈተ፣ አገር ተለወጠ ተባለ፤ እነሱ ቤት የገባው ለውጥ ግን ሥራ ማጣት ነበር። ሎታር ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት በታች ዩራኒየም ሲቆፍር ኖሮ፣ አቧራው ሳንባውን ድንጋይ አድርጎት አልጋ ላይ ዋለ። ካሮላ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ የገባችበት የክር ፋብሪካ በሩን ቆለፈ። ራይክ ማዕድኑ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ እየተማረ ነበር፤ ትምህርቱም ከማዕድኑ ጋር ቀረ። እሷ አባቷን ልታስታምም ቤት ተቀመጠች። እሱ ደግሞ አባቱ ከእንግዲህ የማይነዳውን ሞተር ብስክሌት አውጥቶ፣ ከፈረሰ የሠርግ ባንድ አንድ አሮጌ ኪቦርድ ለወጠበት።

እነ ሎታር መኪና ያሳድሩበት የነበረው ጋራዥ የራይክ ቤት ሆነ። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለበደው። ኤንሪኮ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ሁለቱ ተጣምረው ካልትሺሽት፣ የብርድ ፈረቃ፣ ብለው ራሳቸውን ሰየሙ። ከበሮ የሚመታ ማሽን፣ ብረት በብረት ላይ የሚፋጭ ድምፅ፣ ሌላ ምንም። ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ሲጫወቱ ከሰዉ ግማሹ የመጣው ለቢራው ነበር። ኤንሪኮ አንድ ቀን ማይኩን አስቀምጦ፣ ሥራችን ሰው የለበትም፣ ፋብሪካ ብቻ ነው አለ። ራይክ ይህን ቃል ይዞ ቤት ገባ።

በማግስቱ በካልሲ የጠቀለለውን ማይክ ይዞ የአባቱ አልጋ ራስጌ ተቀመጠ። የአባባ ድምፅ እንዳይጠፋን ነው አለ። ካሮላ አመነችው። መስኮቱን የዘጋችለት እሷ ናት። የፍሪጁ ጉምጉምታ እንዳይገባበትም ሶኬቱን ነቀለችለት። ከዚያ መድኃኒቱን በብርጭቆ ውስጥ በማንኪያ ታማስል ጀመር። ሎታር ተኝቷል። አየር ሲያስገባ እንደ መጋዝ፣ ሲያወጣ እንደ ፉጨት፤ በመሐል የኦክስጅኑ ማሽን ይተነፍስለታል። እንዲህ እንዳለ ሳሉ ያዘው። የተለመደው ሳል አልነበረም፤ አንገቱ ተገተረ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ካሮላ ብርጭቆውን እንደያዘች ተነሳች። ራይክ እጁን ወደ እሷ ዘረጋና "ቆዪ፣ ትንሽ ቆዪ" አላት።

ቆየች። ብዙ አልነበረም፤ ግን ቆየች።

ሎታር የሞተው በዚያው ሳምንት ነው። የገደለው ያ መቆየት አይደለም፤ ሐኪሙም ሳንባው አልቆ ነበር ብሏል፤ ካሮላም ታውቃለች። ማወቁ ግን አላሳረፋትም።

በበጋው ዘፈኑ ወጣ፤ "ሦስተኛው ፈረቃ"። መጋዙና ፉጨቱ ምት ሆነው፣ ከበሮው ከላያቸው ተጭኖ፣ ኤንሪኮ ቀስ ብሎ እያጉረመረመ። መጀመሪያ ካሴት በካሴት እያባዙ ሸጡት። ቀጥሎ አንድ የላይፕዚግ ሰውዬ በሸክላ አሳተመው። ከዚያ እሁድ እሁድ የፖላንድና የሆላንድ ታርጋ ያላቸው መኪናዎች ሰፈራቸው ይመጡ ጀመር፤ ጋራዡ በር ላይ ፎቶ የሚነሱ ጥቁር ለባሾች። ገንዘብ የሚባል ነገር ግን አልመጣም። ኤንሪኮ አግብቶ ወደ ምዕራቡ፣ ባየርን ሄደ፤ እዚያ ጣራ ይከድናል። ራይክ ኪቦርድ የምትነካ ልጅ በየጊዜው እየቀያየረ ብቻውን ቀጠለ። ብዙ ሌላ ዘፈን ሠራ፤ ሰው የሚጠይቀው ያንኑ ነው።

ከበሮው ሥር ጭል ጭል የምትል አንዲት ድምፅ አለች። አድናቂዎቹ ደወሏ ይሏታል። የጉድጓዱ አሳንሰር ሲወጣ የሚደወለው ደወል ነው ብለው ኢንተርኔት ላይ ሲከራከሩ ይውላሉ። ካሮላ የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ሳይቀር አንድ ወጣት መጥቶ ስለ ደወሏ ጠይቋት ነበር። ድንች መላጧን ሳታቆም፣ ማንኪያ ነው፣ የማማስለውም እኔ ነኝ አለችው። ልጁ ጥሩ ቀልድ አድርጎት እየሳቀ ሄደ።

አሁን ከአፈሩ ውስጥ እጇን አወጣች።

"ሙሉውን ማለት ሳሉንም?"

"ሳሉንም። ሰው ሠላሳ ዓመት ቁራጩን ነው የሰማው። እውነቱን አልሰማም።"

"አንተስ ሰምተኸዋል?"

ራይክ ከሰደርያው ላይ የሌለ ነገር አራገፈ።

"ሳሉ ጋ ስደርስ አጠፋዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "ሁልጊዜ። ኮፒም አድርጌው አላውቅም፤ ለመገልበጥ መስማት ያስፈልጋላ። ለዚህ ነው መድረክ ላይ የምለቀው። ያኔ እኔም ከሰው ጋር እሰማዋለሁ።"

"ብቻህን የፈራኸውን ሺህ ሰው ፊት ልትለቀው?"

"ብቻዬን ስለፈራሁት እኮ ነው፣ ካሮላ።"

ይህን ሲል እትዬ አላላትም። ለአንድ አፍታ አዘነችለት፤ ማዘኗም አናደዳት። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

"እንግዲያው ብቻህን አትሰማውም። ተነስ፣ ጋራዡን ክፈትልኝ።"

ዘፈኑ ከወጣ ወዲህ እዚያ ረግጣ አታውቅም። የእንቁላሉ ካርቶን ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ ቡና ዓይነት ሆኗል። ማሽን በማሽን ላይ ተቆልሏል፣ ሽቦው እንደ ሐረግ ይወርዳል። ጥግ ላይ የአባቷ የጉድጓድ ቆብ በምስማር ተሰቅሏል፤ ይህንንም ወስዶት ኖሯል። ራይክ ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ካሴቱን አወጣና አሮጌው ቴፕ ውስጥ ከተተው። ሌላው እጁ ልማድ ሆኖበት ወደ ከበሮው ማሽን ሄደ።

"ከበሮ አልፈልግም" አለችው።

"ያለ ከበሮ ባዶ ነው።"

"ይሁን፣ ባዶውን።"

ካሴቱ ዞረ። መጀመሪያ እንደ ነፋስ ያለ ጩኸት፣ ከዚያ መጋዙ፣ ከዚያ ፉጨቱ። ዘፈኑ በመኪና መስኮት ሲያልፍ በሰማችው ቁጥር መንገድ ትሻገር ነበር፤ የምትሸሸው ከበሮውን ይመስላት ነበር። ይኸው ከበሮው የለም። አንድ ደካማ ሽማግሌ ብቻ ነው፣ አየር የሚለምን። ማንኪያው ብርጭቆውን ነካ፣ ደግሞ ነካ።

"ደወሏ" አለ ራይክ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ማንኪያ ነው።"

"አውቃለሁ ማንኪያ እንደሆነ።"

"ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?"

"ማንኪያ ለመስማት ከሜክሲኮ የሚመጣ ሰው አለ ብለሽ ነው?"

ልትመልስለት ስትል መጋዙ ተቋርጦ ሳሉ ጀመረ። የራይክ ጣት ወደ ማጥፊያው ሄደ። ካሮላ ዓመታት ድንች ሲልጥ የሻከረ መዳፏን እላዩ ላይ ጫነችበት። ሳሉ ጋራዡን ሞላው። ሰውየው እዚያው መሐላቸው የሚታነቅ ይመስላል። ራይክ እጁን ከመዳፏ ሥር አላቀቀ። ሲጋራ ላጭስ ብሎ ወጣና በሩን ከኋላው ገፋ አደረገው።

ስለዚህ የራሱን ድምፅ አልሰማም። ካሮላ ሰማችው፤ ቀጭን፣ የወጣት ድምፅ። "ቆዪ፣ ትንሽ ቆዪ።" ከዚያ የራሷን ዝምታ ሰማች። ሌላ ሰው ቢሰማው ሳል ብቻ ነው የሚሰማው፤ እሷ ግን በሳሉ መሐል ብርጭቆ ይዛ እንደቆመች ራሷን ሰማች። ያሰበችውን ያህል አጭር አልነበረም። በኋላ ኮቴ፣ የሚሰበር ብርጭቆ፣ "አባባ፣ ቀና በልልኝ፣ አባባ።" ከዚያ ቀጭ አለና ጸጥ።

ካሴቱን አውጥታ ኮቷ ኪስ ከተተችው። ባዶ ማኅደሩን ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ መልሳ ክዳኑን ገጠመችው።

ራይክ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ሲጋራው ሳይጨስ አመድ ሆኗል።

"ጨረሰ?"

"ጨረሰ።"

"እኔ አለሁበት?"

"አለህበት። እኔም አለሁበት።"

ምን እንዳለ አልጠየቃትም። ካሮላም አልነገረችውም።

"በል መኪናህን አስነሳ" አለችው። "ድንጋዩን ፈልገህ አልነበር? አቶ ኡሊግ ይሄኔ ነቅሎታል።"

ራይክ ዞሮ አያት። "ትሰጪኛለሽ?"

"ድንጋይ ነው። ውሰደው።"

የመቃብሩ ሠራተኛ አቶ ኡሊግ በእርግጥም ድንጋዩን ነቅሎ ጣውላ ላይ አጋድሞታል። የቆመበት ቦታ ጠባብ ጥልቅ ጉድጓድ ሆኖ ተከፍቷል። ራይክን ከቦት ጫማው እስከ ጸጉሩ አየውና፣ ስንት ዓመት ያለ ቦታው ሲለብሰው የኖረው ልብስ ዛሬ ገና ከቦታው ጋር ገጠመ አለው። ራይክ ሳቀ፤ ደስ ብሎታል። ሁለቱ ወንዶች ድንጋዩን በጋሪ ገፍተው መኪናው ውስጥ፣ ባልደረሱ ዕቃዎች መሐል አስገቡት። ሎታር ከነመዶሻዎቹ፣ ከነሰላምታው በሰው ካርቶን ተከቦ ተኛ። ራይክ እንዳይንሸራተት በገመድ ሊያስረው ቀረ፤ አቶ ኡሊግ አካፋውን ይዞ ተመለሰ።

ካሮላ ጠዋት የሞላችውን ባልዲ አጠገቧ አድርጋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። ካሴቱን ከኪሷ አወጣችው። ላዩ ላይ በራይክ የወጣትነት ጽሕፈት አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ አባባ። ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ፣ ሳትጥለው፣ ታች አፈሩ ላይ አስቀመጠችው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ አቶ ኡሊግ።

"የእሱ ነው" አለችው።

ራይክ ከመኪናው ዞር ሲል አያት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገመዱን ለቀቀው።

"ካሮላ።"

በመቃብሮቹ መሐል መሮጥ ጀመረ፤ ከባዱ ጫማው ጠጠሩን ይበትናል። እጁን እንደዚያን ቀን ወደ እሷ ዘርግቷል።

"ቆዪ" አላት። "ካሮላ፣ ትንሽ ቆዪ።"

አቶ ኡሊግ አካፋውን እንደያዘ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ።

ካሮላ አንድ ጊዜ ቆይታለች። ባልዲውን አንስታ ገለበጠችው።