የናና አፍ

የአቡሮሶ ሹም ናና አምፖፎ በሰው ፊት ድምፃቸውን አሰምተው አያውቁም። ሹም የሚናገረውም የሚሰማውም በአፈ ቀላጤው ነው። ናና «ደህና አደራችሁ» ብለው ሹክ ሲሉት አፈ ቀላጤያቸው ቤዲያኮ የማዕረግ ዘንጉን ተደግፎ ዝናቡን፣ ካካዎውን፣ ሙታኑን ሁሉ እያነሳሳ ያቺን ሰላምታ እስከ ምሳ ያደርሳታል።

ያ ድምፅ ሻከረ። ቤዲያኮ ጉንፋን ነው ብሎ በዝንጅብል ሲያባብለው ከርሞ ትንፋሹ ማፏጨት ሲጀምር፣ ናና ራሳቸው እየጎተቱ ኩማሲ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰዱት።

ዶክተር ዳንሶዋ የአገሩ ልጅ ናትና ወጉን አክብራ፣ ወደ ናና ቀና ሳትል ለበሽተኛው ነገረችው።

«አባቴ፣ ካንሰር ነው፤ ግን እንደተለመደው አይደለም። ከማንቁርትዎ ልም አጥንት የበቀለ፣ እምብዛም የማይገኝ ዓይነት ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ የጨረር ሕክምና ግን ብዙም አይደፍረውም። ሰፍቷልና ማንቁርትዎን በሙሉ እናወጣለን። በአንገትዎ ቀዳዳ ይተነፍሳሉ። ትንሽ መሣሪያ እንተክልልዎትና ቀዳዳውን በጣት ደፍነው ይናገራሉ።»

«በድምፄ?»

«የድሮው አይመለስም።»

ቤዲያኮ ዘንጉ በሌላ ሰው እጅ ታየው። ወደ ናና ዞረ።

«ናና፣ ትንሽ ልም አጥንት ናት አለች። ካረፍኩ ትሟሽሻለች።»

ናና ሁሉንም ሰምተዋል። ግን በአፈ ቀላጤያቸው ያልመጣ ወሬ እንደ ወሬ አይቆጠርም። «ትቁረጠው በላት» አሉ ሹክ ብለው።

«ናና አመስግነዋል። ወደ ቤታችን እንሄዳለን ብለዋል» አላት ቤዲያኮ ዶክተሯን።

ዶክተሯም ጆሮ አላት፤ ግን ምን ታድርግ? ሁሉም ሁሉን እያወቁ ተፋጠጡ።

«ልጄ፣ ቁረጪው!» ናና ጮኹ።

ቤዲያኮ ራሱን ያዘ። «ናና! በሰው ፊት?»

«አንተ ከሞትክ ዕድሜዬን ሁሉ በሰው ፊት ልለፈልፍ ነው?»

ተቆረጠ፤ ዳነም። በመጀመሪያው ጉባኤ ናና ሹክ አሉት። ቤዲያኮ ጣቱን አንገቱ ላይ አኖረ። ድምፁ እንደ ወፍጮ ሞተር አጓራ።

«ናና... ደህና አደራችሁ... ብለዋል።»

ትንፋሹ አለቀ።

«ይቺው ነበረች እንዴ?» አሉ አንዲት አሮጊት። «ለዚች ነው ስንት ዘመን ፀሐይ ላይ የተቀቀልነው?»

ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። «እንዲህ ይሁንልን!» አለ ሕዝቡ። ቤዲያኮ አፈረ፤ ዕንባው እየመጣ ዘንጉን ሊያስረክብ ተነሳ። ናና ክንዱን ያዙት።

«ወዴት ነው?» አሉት በጆሮው። «እኔ እኮ መቼም ከደህና አደራችሁ ሌላ ብዬ አላውቅም። ጨዋታህ ናፍቆኛል፤ ዝናቡን ጨምርበት።»

ቤዲያኮ አየር ሳበ፤ ጣቱን መለሰ። የዚያን ቀንም ምሳ ዘገየ።