የታጠበው እሬት

የአማቴ እሬት የቆመው ከዶሮው ቆጥ ሥር ነው። ከቆጡ የሚወርደውን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። የተተከለው አፉ በተሸረፈ ማድጋ ውስጥ ሲሆን ቅጠሎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ኩስ ደርቆባቸዋል። ሥሩ ላባና የሽንኩርት ልጣጭ አይለየውም፤ አንድ ጊዜ የሞተ አይጥም አይቼበታለሁ። በዚያ ሁሉ እድፍ መሐል ደግሞ እንደ ጉድ ይራባል። በእግሩ ዙሪያ ዐሥር ያህል ልጆች ፈልፍሏል። አማቴ እማማ ደጊቱ ጧት ከቤት ሲወጡ በጣታቸው ነካ ያደርጉትና «እንዴት አደርሽ?» ይሉታል፣ እንደ ጎረቤት።

ይህን ነገር ነው ጡትሽ ላይ ቀቢው ያሉኝ።

ልጄን ፋንቱን ጡት ማስጣል ነበረብኝ። ፋንቱ ሁለት ዓመት አልፏታል፣ እኔ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ስሟ ለምን ፋንቱ እንደሆነ በምንኖርበት በወገዳ የማያውቅ የለም። የመጀመሪያ ልጄ ማሩ የሞተው እሷን አርግዤ እሱን እያጠባሁ ሳለ ነው። ተቅማጥ ያዘው፣ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ሴቶቹ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ያረገዘች ጡት ጠብቶ» ተባባሉ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ግን «ልጅሽን የገደለው ወተትሽ አይደለም፣ ውሃው ነው፤ ከእንግዲህ አፍልተሽ አጠጪ» አለኝ። ጎንደር እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ድሬሰሩን አመንኩት። ብቻዬን ስሆን ግን የማምነው ሴቶቹን ነበር። ፋንቱ በጠባች ቁጥር አንድ የተበላሸ ነገር ከእኔ ወደ እሷ ሲፈስ ይታየኝ ጀመር።

«እኔ ስምንቱንም ያስጣልኩ በዚሁ ነው፣ ባልሽን ጨምሮ» አሉኝ እማማ ደጊቱ፣ ማድጋው አጠገብ ቁጢጥ ብለው።

«ሲቀምሱት ምን ይሆናሉ?»

«ምን ይሆናሉ! ይርዳው ሦስት ቀን ምላሱን በቀሚሴ ሲጠርግ ከረመ። አሁን አስተማሪ ሆኖ ተማሪ ፊት እንዲያ የሚኮሳተረው የዚያን ጊዜ የጀመረው ነው።»

ይህን እያሉ አንድ ወፍራም ቅጠል ቆረጡ። ከቁርጡ ቢጫ ውሃ ተንጠባጠበ። ቅጠሉን ከነኩሱ ወደ ደረቴ አስጠጉት፤ ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

«እማማ፣ ኩስ አለበት እኮ።»

«ትጠርጊዋለሽ።» በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉት። ያ ጠርዝ ጧት የፋንቱን ንፍጥ ሲጠርግ አይቻለሁ።

«ከልጆቹ አንዱን ይስጡኝ» አልኩ። «እቤቴ በንጹሕ ዕቃ አሳድገዋለሁ። ሲወፍር ቆርጬ እቀባለሁ።»

ጉልበታቸውን በእጃቸው መታ አድርገው ሣቁ። «ለማስመረር ንጹሕ እሬት ያማራት ሴት ዛሬ አየሁ! እሺ፣ ውሰጂ።» አምስት ቅጠል ያለውን ትልቁን ልጅ ከእናቱ ገነጠሉት። የተገነጠለበት ቦታ እንደ ተላጠ ጉልበት እርጥብ ነበር። «ስሚኝ አሰለፈች፣ ይህ ቁስል ሳይደርቅ አፈር እንዳታስነኪው። ጥላ ላይ ጣይውና ስምንት ቀን እርሽው። ከተከልሽውም በኋላ ቶሎ ቶሎ ውሃ አታሳዪው። ሲጠማው ነው ሥር የሚሰድ።»

«እሺ» አልኩ።

ገና ቤቴ ሳልደርስ ሁለት ዝንብ ቁስሉ ላይ አረፉ። ከዶሮው ኩስ ነው የመጡት፣ ወይም ከዚያ ከባሰ። ጎንደር የጤና ትምህርት ያስተማሩን መምህርት ክፍት ቁስል የበሽታ በር ነው፣ ይታጠባል፣ ይሸፈናል ሲሉ ገና በጆሮዬ ነበር። ስምንት ቀን ክፍት ቁስል ለዝንብ አስጥቼ፣ ከዚያ የልጄ አፍ የሚገባ ነገር ላበቅልበት? የመሃይም ነገር አልኩ በልቤ። ልጁን በሳሙና አጠብኩት። ቁስሉንም አረፋ እስኪወጣው አሸሁት። አፈሩን ነፍቼ ፀሐይ አስመታሁት። ባዶ የዘይት ጣሳ በአመድ ፈትጌ፣ በዚያ ተከልኩትና ከፋንቱ መኝታ በላይ ካለው መስኮት አስቀመጥኩት። ጧትና ማታ አጠጣው ነበር፤ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ።

ጠላ የምትሸጠው ጎረቤቴ ማሚቴ ይህን አይታ ደጃፌ ላይ ቆማ ቀረች።

«እሬት በፈላ ውሃ የሚጠጣበት ቤት! እኔንም አሳድሩኝ እንጂ።»

«ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው።»

«እህ፣ ቀዝቅዞ! እንግዲያማ ሻይ ቅጠል ጣል አድርጊበት።»

አልሰማኋትም። ቅጠሎቹ በሁለት ሳምንት ወፈሩ፣ ተወጠሩ፣ ቆዳቸው አብረቀረቀ። የእማማ ደጊቱ ከስቶ ኩስ ለብሶ ይቆማል፣ የእኔ ግን ከመስኮቱ ላይ እንደ ቀበጥ ልጅ ተንደላቅቋል። ደልቶታል ብዬ ኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ይሸት ጀመር። መጀመሪያ አይጥ ሞቷል አልኩና አልጋውን አነሣሁ። ቀጥሎ የፋንቱን ጨርቆች አንድ በአንድ አሸተትኩ። የእንስራውን ሥር፣ የባሌን ጫማ፣ የራሴን ብብት ሳይቀር አሸተትኩ። ሽታው እንደ ከረመ አተላ ሆኖ ውስጡ ጣፋጭ ነገር አለበት፤ የባሰ ያስጠላኝ ጣፋጩ ነው። ይርዳው ምንም አይሸተኝም አለ፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ከስልሳ ተማሪ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚውል አልፈረድኩበትም። እሬቱ ከሥሩ ቡናማ ብሎ ብርሃን ያስተላልፍ ጀምሮ ነበር። ጠምቶታል አልኩና ውሃ ጨመርኩለት።

በዚያው ሳምንት፣ ሰኞ፣ ፋንቱን ተቅማጥ ያዛት።

የልጅ ነገር አይቀፍም የሚሉ ሴቶች አሉ። እኔን ይቀፈኛል። ጨርቋን ስገልጥ አረንጓዴውንና ንፍጣሙን አየሁ፣ ሽታው መጣብኝ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ፤ የማሩ ነው። ያን ጊዜም እንደዚህ ፊቴን አዙሬ ነው ያጠብኩት። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ድሬሰሩ «አይዞሽ፣ ከባድ አይደለም፤ የሚጠጣ አታሳጪያት» አለኝ። ልጅ የሞተባትን እናት ማንም ቢሆን አይዞሽ ይላታል አልኩ በልቤ።

ፋንቱ ምግብ አልቀምስ አለች። የምትፈልገው ጡት ብቻ ነው። ማክሰኞም እሮብም ቀኑን ሙሉ ከደረቴ አልወርድ አለች፤ ስትጠባ አያታለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ከታች ሲፈስ እሰማለሁ። በእኔ ገብቶ በእሷ የሚወጣ አንድ ርኩስ ውሃ መሰለኝ። ስድስተኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት ላስጥላት ቆረጥኩ። ሐሙስ ረፋድ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ቢላዋ አንሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

ትልቁን ቅጠል ያዝኩ። አልታገለኝም። ገና ቢላዋውን ሳላሳርፍ ተክሉ በሙሉ እጄ ላይ መጣ፤ ሥር የሚባል አላበቀለም። ታችኛው ወገኑ ጥቁር ልሃጭ ሆኗል። ጣቶቼ ቅጠሉ ውስጥ ሰመጡ፣ ልሃጩ በክንዴ ተንጠባጥቦ በክፍቱ አንገትጌዬ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሞቅ ያለ ነበር። በመዳፌ ላይ ነጫጭ ትሎች ተላወሱ። ስፈልገው የከረምኩት ሽታ ይኸው ነው፤ ከልጄ ራስ በላይ አስቀምጬ በንጹሕ ውሃ ያሳደግሁት። ጮህኩና ተክሉንም ጣሳውንም ወርውሬ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ።

ፋንቱ በጩኸቴ ነቃች። ስትደነግጥ የምታደርገው ያው አንድ ነገር ነው፤ ሮጣ መጥታ እጇን አንገትጌዬ ውስጥ ከተተችና ጡቴን ጎርሳ ተለጠፈችብኝ። ልከለክላት አልደረስኩም።

አንድ ጊዜ ሳበች። ቆመች። አፏን ከፍታ ቀረችና ጭኔ ላይ አስመለሰች። ከዚያ ጡቴን አየች፣ ክንዴን አየች፣ መጨረሻ ላይ ፊቴን አየች። ልጄ እንዲያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። ያንን አስተያየት ግን አውቀዋለሁ፤ እኔ የአያቷን ማድጋ የማየው በዚያ ዓይን ነው።

«እክ!» አለች።

«ፋንቱዬ፣ ነይ፣ ልጠበው…» እጄን ስዘረጋ መታችው። እየጮኸች ወደ ደጅ ወጣች፤ ማሚቴ ከጋኖቿ መሐል ተነሥታ ቀለበቻት። በሳሙና ታጠብኩ፣ በአመድ ታጠብኩ፣ በሎሚ ታጠብኩ፣ ቆዳዬ እስኪቀላ። ልወስዳት ስሄድ አየር ሳብ አድርጋ አሸተተችኝና ፊቷን ማሚቴ አንገት ውስጥ ቀበረች።

«እህቴ፣ እኔም ትንሽ ራቅ ብትዪልኝ አልጠላም» አለች ማሚቴ።

እማማ ደጊቱ ተጠርተው መጡ። ጣሳውን በእግራቸው ገልብጠው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

ይሥቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሣቁም። «ልጅቷ እኔ ዘንድ ትሰንብት» አሉ።

«እዚያ ዶሮ ኩስ ውስጥ?»

«እዚያ ዶሮ ኩስ ውስጥ። አሁን አንቺን አትሻም።»

«እንግዲያው ውሃውን አፍልተው ያጠጧት። እማማ፣ በማርያም፣ አፍልተው።»

«አፈላለሁ። ለእሬት አይበጅም እንጂ ለልጅስ አንቺ የምታውቂው ይኖራል» አሉና አዝለዋት ሄዱ። ፋንቱ ወደ ኋላ አልዞረችም።

የፈለግሁት ሆነልኝ፤ ጡት ጠላች። አርብ ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረና አተኮሰኝ። ወተቱ ራሱን በራሱ እየፈሰሰ ቀሚሴ ላይ ኮመጠጠ፤ ቀሚሱን በቀየርኩ ቁጥር ሌላው ይሸታል፣ ዝንብ እኔን ብሎ ይመጣል። ከራሴ የምሸሽበት ጥግ አጣሁ። እቤት ተቀምጬ ከአማቴ ቤት የሚመጣ እግር እጠብቃለሁ። ማንም አልመጣም፤ ያለመምጣቱንም በክፉ ተረጎምኩት። ሊነግሩኝ ፈርተው ነው አልኩ።

ቅዳሜ፣ በስድስተኛው ቀን፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አዳመጥኩ። ዶሮ ተንጫጫች። «ቆይ! ቆይ!» የሚል ድምፅ ተከተላት። የአጥሩን በር ገፍቼ ገባሁ።

ፋንቱ አፏ በገብስ አጥሚት ተለቅልቆ፣ ቂጧ ራቁቱን ሆኖ ዶሮ ታባርራለች። ሁለቱም እግሮቿ ኩስ ረግጠዋል። ስታየኝ ቆመች፣ ሄዳም ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች።

«ተቅማጡ ከትናንት ወዲህ ቆሟል» አሉኝ እማማ ደጊቱ። «ተያት፣ አትጥሪያት። እዚያ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከራሴ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሌላ የእሬት ልጅ በክር ተንጠልጥሏል።

«ይህ የማነው?»

«ያንቺ። ሐሙስ ከእናቷ ነጠልኳት።»

ቁስሉን አየሁት። ቢጫው ውሃ ቆሟል። ጠርዙ ተሰብስቦ ስስ ቆዳ ማልበስ ጀምሯል። እንዳልነካው እጄን በጉልበቴ መሐል አስገባሁ።

በየቀኑ እሄድና እዚያው ቦታ እቀመጣለሁ። አልጠራትም። እሬቱ በተነጠለ በስምንተኛው ቀን እማማ ደጊቱ ክሩን ፈቱልኝ። ከቆጡ ሥር አፈር ዛቅሁ፣ ኩሱና ላባው እንዳለ፤ ሲነካኝ ሰውነቴ ይሰቀጥጠኛል፣ ግን ዛቅሁ። ቁስሉ እንደ ተረከዝ ደርቋል። ተከልኩት። ውሃ አልሰጠሁትም፤ ይደርቃል፣ ይሞታል እያልኩ ብፈራም አልሰጠሁትም።

ፋንቱ ሳላያት አጠገቤ ቁጢጥ ብላለች። እጄን አነሣችው። እንደ ውሻ ልጅ ጀርባውን አሸተተች፣ መዳፉን አሸተተች፣ በጣቶቼ መሐል አሸተተች።

«ይሸታል» አለች።

«አዎ፣ ይሸታል» አልኳት።

አልሸሸችም። ታኝከው የነበረውን የገብስ ቂጣ ከአፏ አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፤ በምራቋ የራሰ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ላባ የተጣበቀበት። «ብዪ» አለች፣ አፌን እያየች።

ሊይዘኝ የሚችለውን በሽታ ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት።