የሚካኤል ስንዴ

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሰርብ ነው የተባሉትን አማች ለማየት አንዳች ጉጉት አልነበራቸውም። በትራም የሆላንዷ ስኪዳም ከተማ ድረስ የመጡት ልጃቸው ሐምራዊት ስለነዘነዘቻቸው ነው። ለዚያውም በኅዳር ሚካኤል! ለማኅበራቸው የጋገሩትን ድፎ እንዳቀፉ፣ «አይቼው እወጣለሁ፤ ካልጣመኝ ምርቃት የለም» ብለዋል። ያለ እናቷ ምርቃት ደግሞ ሐምራዊት አታገባም።

የእጮኛዋ የኔማንያ ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጥቁር የለበሱ እንግዶች ሳሎኑን ሞልተውታል። ጠረጴዛው ላይ ረጅም ጧፍ ይነዳል፤ አጠገቡ የተቀቀለ ስንዴ። የሚገባው ሁሉ አማትቦ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል።

«ንፍሮ!» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ ያመጣሽኝ?»

«እማዬ፣ ቆይ…»

ማን ይቆያል! ድፎውን ለልጃቸው አሸክመው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የኔማንያ እናት ጎርዳና አንገት ላይ ተጠምጥመው «እኔን! እኔን!» ይሉ ጀመር። የጎርዳናም እንባ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱን ሳይጠይቁ አብረው አነቡ። ከጥግ አንዲት የኔማንያ አክስት ለቅሶውን ተቀበለች።

«ማነው የሞተው?» አለ ኔማንያ ደንግጦ፣ በሆላንድኛ።

«የናንተ ቤት አይደል? አንተ ንገረኝ!» አለችው ሐምራዊት።

«ማንም አልሞተም! የሚካኤል ቀን ነው፤ የቤታችን መልአክ። ዛሬ ያልተጠራም ገብቶ ይበላል።»

ሐምራዊት ስትተረጉም እናቷ ለቅሶውን መሃል ላይ ገቱት። «ዝክር ነዋ! ታዲያ ለሚካኤል ንፍሮ ምን ያደርጋል?»

ይህ ሲተረጎም የኔማንያ አባት ድራጋን ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ። «አላልኩም? መልአክ አይሞትም፤ ለማይሞት ስንዴ አይቀቀልም!»

ለካ ጠቡ የቆየ ነው። ኮሶቮ ውስጥ ያለችው፣ ጥቂት ሰርቦች የሚኖሩባት ከተማቸው ጥንታዊ ገዳም ከብባ የተኮለኮለች ናት፤ የገዳሙ ደወል የማይሰማበት ቤት የላትም። ከገዳሙ በላይ ያሉት ለሚካኤል ይቀቅላሉ፤ በታች ያሉት አይቀቅሉም። ጎርዳና የላይ፣ ድራጋን የታች ናቸው። ሲጋቡ ጠቡንም አብረው አገቡት፤ ስኪዳምም ይዘውት መጡ።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግድግዳው ላይ ያለውን የገዳሙን ፎቶ ተጠግተው አዩት። እሳቸውም ያደጉት ዲማ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ነው።

«እኛም በዝክሩ ጠላ ስንት ተጣልተናል!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። «ገዳም ሥር ያደገ ሰው የሚጣላበት አያጣም!»

ነጠላቸውን አቀኑ፤ ድፎውን ከጎርዳና ዳቦ አጠገብ አኖሩና እልልታውን አቀለጡት። ከፎቅ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ። አክስቲቱ እልልታውን ልትሞክር ብላ ትን አላት።

«እማዬ፣ እንግዲህ ምን ትያለሽ?» አለች ሐምራዊት።

«እኔ የድራጋን ወገን ነኝ። ለጎርዳና ንገሪልኝ፤ ለሠርጉ ስንዴ እንዳይቀቅሉ።»

ሐምራዊት «ለሠርጉ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቅ አፈናት፤ ሆላንድኛውም ድራሹ ጠፋ።