ከዘጠነኛው ምዕራፍ የጠፋው ገጽ

አራሚዋ በማተሚያ ቤቱ ሃያ ስምንት ዓመት ስትሠራ አጥብቃ የያዘችው አንድ ደንብ ነበር፤ ጽሑፍ ይታረማል እንጂ አይነበብም። ከምታርመው መስመር በታች ያለውን በቁራጭ ካርቶን ትከልለዋለች። ዓይን ታሪኩን ተከትሎ ከሮጠ ስህተቱን ይዘላላ! የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳትደርስ ካርቶኑ መሬት ወድቆ ነበር።

ጠረጴዛዋ ላይ የመጣው በልጅነቷ ነፍሷን የሰጠችው ልብ ወለድ ነው፤ ሰው በጀልባ ከሚያሻግር አጎቷ ጋር ወንዝ ላይ ያደገች የአንዲት ኮረዳ ታሪክ። ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ሊታተም ነው። ያኔ በአሥራ አንድ ዓመቷ ከትምህርት ቤት ተውሳው እኩሌታውን ራሷ አነበበችው። ከዚያ ኩፍኝ ጣላትና ዓይኗ ብርሃን አልችል ሲል፣ የቀረውን ታላቅ እህቷ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ አነበበችላት። መጽሐፉ ለትምህርት ቤቱ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ እሷና መጽሐፉ ተያይተው አያውቁም።

አሁን እያንዳንዱን ክፍል አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለእርማት ታነበዋለች። "አሁን አጎትየው መቅዘፊያው ይሰበርበታል" ትላለች፤ ይሰበራል፤ እሷም ጠረጴዛውን በጡጫ መታ አድርጋ ብቻዋን ትስቃለች።

ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ መቀመጥ አቃታት። ይሄ ነው! ልጅቱ ታማ የተኛች ታናሽ እህቷን ሳትሰናበት በጀልባ ትሄዳለች። መሃል ወንዝ ስትደርስ አንጀቷ አልችል ይላል፤ ጀልባዋን አዙራ ትመለስና በመስኮቱ ሥር ሦስት ጊዜ ታፏጫለች። አራሚዋ በሕይወቷ ካነበበችው ሁሉ አብልጣ የምትወደው ይህን ነው። ቆማ ገለጠች። ጀልባዋ መሃል ወንዝ ደረሰች። ቀጥላ ማዶ ደረሰች። ፉጨት የለም።

ሦስት ጊዜ ደገመችው። የለም።

"አልፈርምም" አለች የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ሲመጣ። ሰውየው ሲጣደፍ ስለሚውል ሁሉም "ባቡር" ይለዋል። መጽሐፉ ክፍል በክፍል እየተፈረመ ነው ወደ ማሽን የሚወርደው፤ እሷ ካልፈረመች ማሽኑ ቆሞ ይውላል።

"ምን ጎድሎ ነው?"

"አንድ ገጽ ሙሉ። የመጽሐፉ ልብ!"

"እትዬ፣ ምናልባት ቢሳሳቱስ?"

"በሃያ ስምንት ዓመት ስንቴ ተሳሳትኩ?"

"አንዴም።"

"እንግዲያው አሮጌውን ቅጂ አምጣልኝ።"

አሮጌው ቅጂ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ መጣ። የገጹ ቁጥር አልዘለለም፤ የተቀደደም የለም። ጀልባዋ እዚያም ቀጥ ብላ ማዶ ትደርሳለች።

"ታዲያ?" አለ ባቡር። "ሥራ አስኪያጁ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተጀመረ ራሴ እመጣለሁ ብለዋል።"

"ሌላ እትም ይኖራል" አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም። "ምስክር አለኝ፤ ቆየኝ።" ለእህቷ ደወለች።

"እታለም፣ ያ የጀልባው መጽሐፍ ትዝ ይልሻል?"

"ሚጣ፣ ምን ሆነሽ ነው? ትንፋሽሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።" ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለእህቷ ግን ዛሬም ሚጣ ናት።

"ልጅቱ ተመልሳ የምታፏጭበት ቦታ አለ አይደል? አለ በያቸው!"

እህትየዋ ሳቋ ፈነዳ።

"ውይ በሞትኩት! እስከ ዛሬ ይዘሽው ኖረሻል?"

"ምኑን?"

"እኔ ነኝ እኮ የጨመርኩት! ልጅቱ ሳትሰናበት ስትሄድ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽና መድኃኒቱን አልውጥም ብለሽ ድርቅ አልሽ። እማዬ ብልቃጡን ለእኔ ትታ ሥራ ሄዳለች። ምን ላድርግ? ጀልባዋን መለስኳት።"

አራሚዋ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። "አርባ ዓመት ሙሉ ደራሲውን ሳመሰግን!"

"እንግዲህ ምስጋናውን ወዲህ በይ።"

"ሌላስ? ሌላም ጨምረሻል?"

"እኔ እንጃ! ስታኮርፊ እጨምራለሁ፣ ሲደክመኝ እቆርጣለሁ። አንቺ ደግሞ ስታኮርፊ ነበር የምትውይው።"

ባቡር በሩ ላይ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ ይመታል። "እትዬ፣ ገጹ ተገኘ?"

"ተገኘ። የዚህ መጽሐፍ ግን አይደለም።" እስክሪብቶዋን አነሣች። "ተሳስቻለሁ።" ቃሉ እንደፈራችው አልከበዳትም። የቀረውን እርማት ጨርሳ፣ ጀልባዋ እንደማትመለስ እያወቀች ፈረመች። ባቡር ወረቀቱን ነጥቆ ደረጃውን በሩጫ ወረደ፤ ትንሽ ቆይቶ ወለሉ ከሥር መንዘር ጀመረ።

እህትየዋ ስልኩን አልዘጋችም። "እኔ የምልሽ፣ በእውነተኛው መጽሐፍ ልጅቱ መጨረሻዋ ምንድን ነው?"

አራሚዋ "አስተማሪ ትሆናለች" ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ይህንንስ የነገራት ማን ሆነና? ከፊቷ አምስት ምዕራፍ ተደርድሯል፤ አምስቱንም የሰማችው ከእህቷ አፍ ነው።

"አላውቅም" አለች፤ ሳቋ አመለጣት። "እታለም፣ አላውቅም እኮ!"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ያዘችና አሥረኛውን ምዕራፍ ገለጠች።