የጀላል ትንፋሽ

በ1960 ዓ.ም. በመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ሐኪም አልነበረም፤ ሐኪም ያለው ደሴ ነው። ቁስል የምታጥበው፣ መርፌ የምትወጋው ድሬሰር ፈንታዬ ነበረች። ኃላፊዋ አቶ ወልደ ሚካኤል ከዚህ ሌላ እንዳትነካ በደብዳቤ አስጠንቅቀዋታል።

አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ጀላልን በቃሬዛ አመጡት። በግጦሽ መሬት የተጣላው ጎረቤቱ አንገቱን በጦር ወግቶታል። በጀርባው ስላስተኙት ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ያንቀዋል፤ ከቁስሉ አረፋ ይወጣል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«በጎኑ አዙሩት!» አለች ፈንታዬ።

ከቃሬዛው ጋር የመጣው፣ መለሰ የሚባለው ፖሊስ ከፊቷ ቆመ። «ማን እንደወጋው ቃሉን ሳይሰጥ ማንም አይነካውም።»

«ትንፋሽ የሌለው ሰው ቃሉን በምን ያውጣው? ዞር በል!»

ገፍታው አለፈች። ጀላልን በጎኑ አዙራ የረጋውን ደም ከአፉ በጨርቅ ጠረገች። አልበቃም። የአየር ቧንቧው ራሱ ተቀዷል። ለንጽሕና በውሃ የተቀቀለ የጎማ ቱቦ ስታነሳ አቶ ወልደ ሚካኤል ክንዷን ያዙ።

«ቢሞት ገዳይ የምትባይው አንቺ ነሽ።»

«ቆሜ ካየሁትስ ምን ልባል ነው?»

የጀላል አባት ሼህ ከማሉዲን በልጃቸው ጆሮ ለሚሞት ሰው የሚነገረውን ሸሃዳ እያሰሙት ነበር። ቀና ብለው አዩዋት።

«አባባ፣ እርስዎ ዱዓዎን አያቋርጡ፤ እኔም እጄን አላቋርጥም» አለቻቸው።

«ልጁ የእኔ ነው» አሉ ሼሁ ወደ ኃላፊው ዞረው። «ልቀቋት።»

ቱቦውን በቁስሉ በኩል ወደ ቧንቧው አስገባችው። ደም ፊቷ ላይ ረጨ። ከዚያ አየሩ እያፏጨ ገባ፤ የጀላል ደረት ከፍ አለ።

እህል ጫኝ መኪና ለምነው ደሴ ወሰዱት። ፈንታዬ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጣ ቱቦውን በጣቶቿ እንደያዘች፣ በደም ሲደፈን በስሪንጋ እየሳበች ቀኑን ሙሉ ተጓዘች።

«ማነው ይህን ያስገባው?» አለ የደሴው ሐኪም ቱቦውን እያየ።

«እኔ ነኝ። ቅጣት ካለውም የእኔ ነው።»

ሐኪሙ ጀላልን ወደ ውስጥ አስገባው። በወሩ ጀላል ድምፁ ሻክሮ፣ በእግሩ እየሄደ አገሩ ገባ።

አቶ ወልደ ሚካኤል ግን «አጥፍቻለሁ» የሚል ወረቀት አቀረቡላት። ፈንታዬ ቃሉን ሰርዛ «አድርጌዋለሁ፤ ነገም አደርገዋለሁ» ብላ ጽፋ ፈረመች።

በቅጣት ደጎሎ ወደምትባል ከተማ አዛወሯት። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሰው ሰብስባ፣ የተወጋ ሰው እንዳይታነቅ እንዴት በጎኑ እንደሚያስተኙት ታሳይ ጀመር። ማንንም አላስፈቀደችም።