ጋሽ አልገባኝም

ክፍሉ በዚያን ዘመን ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር ነበር። ረጅም ተማሪ ጎንበስ ሳይል አይገባበትም፤ ጎንበስ ማለቱን የረሳ ደግሞ ግንባሩን ይዞ ይገባል። በሩ ላይ «የተማሪዎች ምክርና የትምህርት ድጋፍ አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር፤ ተማሪው ግን ለዚህ ሁሉ ቃል ትዕግሥት ስላልነበረው «ደረጃ ሥር» ብሎት አረፈው። «የት ዋልክ?» «ደረጃ ሥር።» ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። ደረጃ ሥር የሚውል ሰው ወይ ፈተና ጥሎታል፣ ወይ ሆድ ብሶታል፣ ወይ ሁለቱም ተባብረውበታል።

ዛሬ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ መስታወት በመስታወት ሆኗል። ወረፋ የሚያዘው በስልክ ነው፤ ወንበሮቹ ይሽከረከራሉ። የክፍሉ ኃላፊ ግን መስታወቱን አልወደደችውም። «የሚያለቅስ ልጅ እንደ ሱቅ ዕቃ መስታወት ውስጥ ይቀመጥ?» ብላ ከአስተዳደሩ ጋር ሁለት ወር ተጨቃጨቀች። ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሏት ራሷ ነጭ ወረቀት አምጥታ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ለጠፈችበት። እስካሁን ደፍሮ ያነሣው የለም።

እሷ ራሷ ደረጃ ሥር የገባችው ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው፤ አንደኛ ዓመት ሳለች፣ የመልቀቂያ ፎርም ይዛ። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ለደንበኛው ሁሉ፣ ቁልፍ ሊያስተክል ብቅ ላለው ሳይቀር፣ ሲያወሩ ከርመው በእጃቸው የሰፉትን ግራጫ ኮት አልብሰው ሸኟት። ኮቱ ትከሻዋ ላይ ሰፋ። «ግድ የለም፣ ትሞይዋለሽ» አሏት። ምን ይሞላል! በመጀመሪያው መንፈቅ ስታቲስቲክስ ጣላት፤ በሁለተኛው መንፈቅ የመጀመሪያው ፈተና ከዚያም የባሰ ሆኖ ተመለሰላት። ያኔ ቁርጧን አወቀች። ፎርሙ አራት ፊርማ ይፈልግ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍት፣ የዶርም፣ የትምህርት ክፍልና የደረጃ ሥር። ሦስቱ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት ፈረሙላት።

አራተኛው ፈራሚ፣ የደረጃ ሥር የስታቲስቲክስ አስጠኚ፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ጣቶቻቸው በጠመኔ የነጡ ቀጭን ሰው ነበሩ። ፎርሙን ተቀበሉ፤ ብዕራቸውንም ከፈቱ።

«ልፈርምልሽ ነው» አሉ። «ግን ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አስረጂኝ። ይኼ አማካይ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? እኔ አልገባኝም።»

ክው አለች። የስታቲስቲክስ አስጠኚ አማካይ አልገባኝም ይላል? አዘነችላቸውና የምታውቀውን ነገረቻቸው፤ የአሥር ደንበኛ እጅጌ ተለክቶ፣ ተደምሮ፣ ለአሥር ሲካፈል ነው አለች።

«እሺ፣ በዚያ ልክ ኮት ብንሰፋ ለማን ይሆናል?»

አሰበች። «ለማንም ላይሆን ይችላል።»

«ለማንም ካልሆነ ምን ይፈይዳል? አሁንም አልገባኝም።»

ከዚያማ ነገር ዓለሙን ረሳች። የእያንዳንዱ ሰው እጅጌ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ርቀቱ ትንሽ ሲሆንና ብዙ ሲሆን ልብስ ሰፊው ምን እንደሚያደርግ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየሣለች አስተማረቻቸው። ስትወጣ ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። በማግስቱ ልትወስደው ስትመጣ ሌላ ያልገባቸው ነገር ቆያት፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ፈርመውላት አያውቁም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሟን ትተው «ሦስት ፊርማ» ነው የሚሏት።

ስልታቸው ይኸው ነበር። አዲስ ገቢ ተማሪ ምኑንም የማያውቁ ይመስለዋል። አንዱማ ዲኑ ቢሮ ድረስ ሄዶ «ሰውየው ኧረ ምንም አያውቁም፤ እኔ ነኝ የማስተምራቸው» ብሎ ከሷቸዋል። ዲኑ ሳቁን ውጦ «አይዞህ፣ በርታ፤ ቀስ እያለ ይገባቸዋል» ብሎ ሸኘው። ያ ልጅ ዓመቱ ሲያልቅ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ነገሩ ለተማሪው የሚገለጥለት ቆይቶ ነው፤ «አልገባኝም» የምትለዋ ቃል በዘፈቀደ አትወረወርም ነበር። ልክ የተሳሳተበት መስመር ላይ ነው የምታርፈው። ተማሪው በሽቆ እንደገና ሲያስረዳ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል፤ ራሱ ያገኘውን ደግሞ አይረሳውም። «ጋሽ አልገባኝም» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። ሲሰሙ «ማን ነው ያወጣው? እኔ አልገባኝም» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ኃላፊዋ ያ ዘመን ትዝ ሲላት ሆዷ ይባባል። ተማሪ ደረጃውን በሩጫ ሲወርድ አናታቸው ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ጠመኔ ሲያልቅ ጣታቸውን በውኃ አርሰው ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ተማሪዎቹም ሳይደርቅ ለማንበብ ይሽቀዳደማሉ። ውጤት የተለጠፈ ዕለት ያለፈው ሊያመሰግን፣ የወደቀው ሊያለቅስ ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይታጨቃል፤ ጋሼ ለሁሉም አንድ ዓይነት «እንኳን ደህና መጣህ» ስለሚሉ ማን አልፎ ማን እንደወደቀ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። እሷም ተመርቃ እዚያው ተቀጠረች፤ ከጎናቸው ተቀምጣ ሥራውን ተማረች፤ ውላ አድራ ኃላፊ ሆነች። ጡረታ ሲወጡ «በሳምንት ሦስት ቀን ይምጡልን» ብላ ያስቀረቻቸው እሷ ናት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚህ ክፍል ሌላ መዋያ እንደሌላቸው ታውቃለች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፎርም ይዛ ገባች። ሁሉ ነገር ስልክ ውስጥ ሲገባ የመልቀቂያ ፎርም ብቻ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል። ልጅቷ አላለቀሰችም። ኃላፊዋን ያስፈራትም ይኼው ነው፤ የሚያለቅስ ተማሪ ገና ተስፋ አልቆረጠም።

«ሳላጠና ወድቄ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር» አለች ልጅቷ። «ሦስት ወር ሙሉ እየመጣሁ ለጋሼ ሁሉንም አስረድቻቸዋለሁ። ትክክል ነው ብለውኛል። ገብቶኝ ነው እኮ የወደቅኩት። ያልገባው ሰው ቢያንስ ያጠናል። ገብቶት የወደቀ ምን ይሠራል? በቃ፣ ጭንቅላቴ ነው።»

«ደብተርሽን እስቲ አሳይኝ።»

ደብተሩ ንጹሕ ነው፤ መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ። ኃላፊዋ ከመሐል ገለጠች። ሳጥን ውስጥ አሥር አምፖል አለ፤ ሦስቱ የተቃጠሉ ናቸው። ሳናይ አንድ አወጣን፤ እሱን ሳንመልስ ሌላ ደገምን። ሁለቱም የተቃጠሉ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? ልጅቷ ሦስት አሥረኛን በሦስት አሥረኛ አባዝታለች። አንዱ ከወጣ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ዘጠኝ አምፖል፣ ከነሱም ሁለት የተቃጠሉ ብቻ እንደሚቀሩ ዘንግታዋለች። በአምስት ደቂቃ የሚቃና የጀማሪ ስህተት ነው። ከጎኑ ግን የጋሼ የእርሳስ ጭረት አለ፤ «ትክክል» የምትለዋ። ቀጣዩም ገጽ ላይ ያው ስህተት፣ ያቺው ጭረት። እስከ መጨረሻው ገጽ አገላበጠች፤ ያው ነው።

«ተሳስተሻል» ብትላት ልጅቷ «እሳቸው ትክክል ብለዋል» ትላለች። ጭንቅላቴ ነው የሚለውን ከልቧ የሚያወጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያስጠኗት ሰው ሥራውን መሥራት እንደተሳናቸው መስማት። ያን መናገር ደግሞ ጋሼን ማዋረድ ነው፤ ወሬው ግቢውን ለማዳረስ አንድ ምሳ ሰዓት ይበቃዋል። እሷን ከመንገድ የመለሷትን ሰው በገዛ አፏ ታዋርድ? ወይስ ዝም ብላ ትፈርምና ልጅቷ ትሂድ? ፎርሙ ሬጅስትራር የሚገባው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

«እኔ ጋ ይቆይ» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሺ።»

ጋሼ ጥጋቸው ላይ ብቻቸውን እርሳስ ይቀርጹ ነበር። «ሦስት ፊርማ! ነይ እስቲ፣ ዛሬ ሰው ናፍቆኛል» አሏት። ልትነግራቸው ነበር የገባችው፤ ፊታቸውን ስታይ ወኔዋ ከዳት። ወረቀት ሳብ አደረገችና «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ላስረዳዎት» አለች። ደስ አላቸው፤ ወንበራቸውን አስጠጉ። አምፖሎቹን ሣለች። አንዱን አወጣች። ከዚያ ሆን ብላ፣ ድምጿን ሳትለውጥ፣ ሦስት አሥረኛን በሦስት አሥረኛ አባዛችና ጠበቀች።

ድሮ ቢሆን ቁጥሩን ጽፋ ሳትጨርስ ያቺ ቃል ትመጣ ነበር። በልቧ ለመነቻቸው፤ በሉ እንጂ ጋሼ፣ በሉ። ጋሼ ወረቀቱን ትክ ብለው አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭረቷን አኖሩ።

«ትክክል» አሉ።

አንገቷን ደፋች።

«ሆን ብለሽ ነው የተሳሳትሽው፤ አይደል?» አሉ ጋሼ።

«እንዴት አወቁ?»

«ከወረቀቱማ ምኑን አውቄ። ከፊትሽ ነው።» እርሳሱን አስቀመጡ። «ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ቁጥሩ ከሸሸኝ። አየዋለሁ፣ የማውቀው ሰው ይመስለኛል፣ ስሙ አልመጣ ይለኛል። ፊት ማንበብ ጀመርኩ። ተማሪ ሲጠራጠር ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ያኔ አልገባኝም እለዋለሁ። እሱ ራሱ ያቃናዋል። ሠርቶልኛል እኮ! ስንቶቹ አለፉ መሰለሽ።»

«አንዷ ግን አላለፈችም፣ ጋሼ።»

ማን እንደሆነች ነገረቻቸው። ጋሼ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ።

«ያቺ ባለማስመሪያዋ» አሉ። «እሷኮ ስትሳሳትም ዓይኗ ንቅንቅ አይልም።»

«ዛሬ ልትለቅ ነው። ጭንቅላቴ ነው ብላለች።»

«በኔ?»

በጥድፊያ «የሆነ ሰበብ እፈጥራለሁ» አለች። «ፈተናው ላይ ስህተት ነበረ እላታለሁ። እርስዎን የሚነካ ነገር—»

«ተይ!» አሉ ጋሼ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲቆጧት የመጀመሪያቸው ነው። «ብልጥ ልጅ ናት፣ ሰበብሽን ታውቅብሻለች። ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ ስትገባ ጋሼ ከኃላፊዋ አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ልታቅፋቸው አልደፈረችም፤ ከአንገቷ ሰበር ብላ ሰላም አለቻቸው።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ ደብተሯን ወደሷ እየገፉ። «ይኼ ጭረት ውሸት ነው። ትክክል ያልኩሽ ሁሉ፣ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ድሮ ሳውቅ አልገባኝም እል ነበር። አሁን የምሬን አይገባኝም። ማርጀት ብቻ አይምሰልሽ፤ ሐኪሙ ስም አውጥቶለታል። ላንቺ ጭንቅላት ግን እኔ ዋስ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጅቷ መጀመሪያ ነገሩ አልጨበጥ አላት። ደብተሯን ገለጠች፤ ጭረቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ፊቷ ቀላ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሦስት ወር ሙሉ!»

«ስላፈርኩ» አሉ ጋሼ። «ይህን ካልኩ ነገ የት እውላለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ረፋዱን አልወጣ ብሎ የነበረው የልጅቷ እንባ አሁን ግጥም አለ፤ ለራሷ ይሁን ለሳቸው እሷም አላወቀችው። ኃላፊዋ ልታባብላት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ግን ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና «የድጋሚ ፈተናው መቼ ነው?» አለች።

«የዛሬ ሳምንት» አለች ኃላፊዋ።

«ማን ያስጠናኛል?»

ኃላፊዋ ወንበር ላይ ከወጣች ጀምሮ ሪፖርት ስትጽፍ ኖረች እንጂ ስታቲስቲክስ አስጠንታ አታውቅም። ቢሆንም ንጹሕ ወረቀት አወጣችና ሳጥኑን ከነአሥር አምፖሉ ሣለች።

ጋሼ ተነሡ። ሊሄዱ መስሏት «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» ልትል አፏን ከፈተች። እሳቸው ግን ወንበራቸውን እየጎተቱ ጠረጴዛውን ዞሩና ከልጅቷ አጠገብ፣ ተማሪ በሚቀመጥበት በኩል፣ ተቀመጡ። እርሳስና ወረቀት አስተካክለው ያዙና ቀና ብለው ኃላፊዋን አዩዋት።

«ቀስ ብለሽ» አሏት። «ከመጀመሪያው ጀምሪልን።»