አስናቀች የቆረበች ዕለት

ጀማለዲን ከድግሱ ዳስ በር ሲደርስ ጫማ ያጠለቀው በአንድ እግሩ ብቻ ነበር።

"እትዬ አስናቀች! የት ናቸው?"

መቼም በድግሷ ቀን ሙሽሪት የት እንዳለች አይጠየቅም። አስናቀች ከባሏ ከአለሙ ጎን፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። ባልና ሚስቱ አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ኖረው፣ ሦስት ልጅ ወልደው፣ በዚያ የጥር እሑድ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ቆርበው ትዳራቸውን በእግዚአብሔር ፊት አጸኑ። በመርካቶ ነጋዴ መሀል በጉልምስና መቁረብ ቀላል ክብር አይደለም፤ አስናቀችም ይህን ክብር አንገቷን ቀና አድርጋ ተቀብላዋለች። ጀማለዲን፣ የሐጀራ ባል፣ የቅርብ ጎረቤታቸው ነው። የእሱ የጨርቅ ሱቅና የእሷ የፈትል ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ንጋት ላይ ለእስላም እንግዶች የሚሆነውን በግ ባርኮ ያረደላቸውም እሱ ነበር።

"ሐጀራ ወለደች" አለ እያለከለከ። "ልጁ ደህና ነው። እሷ ግን ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሙ እስከ ማታ ደም ካላገኘች አትተርፍም አለኝ። የእኔም የወንድሟም አይሆናትም። የእርስዎ ግን…"

መጨረስ አላስፈለገውም። የአስናቀች ደም ለማንም እንደሚሆን የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት አለሙ ሆዱን ኦፕራሲዮን ሲደረግ ደም የሰጠችው እሷ ናት። ያኔ ነርሷ "የእርስዎ ደም ለሁሉም ይሆናል" ብትላት ጊዜ፣ ከአንዋር መስጊድ እስከ መሳለሚያ ያልነገረችው ሰው የለም። ኧረ ሰፈሩን አደንቁራው ነበር!

ብድግ አለች።

"ወዴት?" አሉ የንስሐ አባቷ መምሬ ቦጋለ ከዳሱ ራስጌ። "ዛሬ ሥጋ ወደሙ የተቀበልሽ ሰው ነሽ። ቆራቢ ምራቁን እንኳ አይተፋም፤ ደም ማፍሰስማ የማይታሰብ ነው። ነገ ጠዋት ትሄጃለሽ፤ እኔው ራሴ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"ነገ ማንን ላገኝ፣ አባቴ?"

የአለሙ እህት ሠርኬ ጣልቃ ገባች። "ሥጋቸውን አንበላ፣ ሥጋችንን አይበሉ። ደም መሰጣጣት ደግሞ ከየት የመጣ ነገር ነው?"

"ችግር ያመጣው ነው" አለች አስናቀች። "አንቺ በወባ ተኝተሽ ሐጀራ ልጅሽን ስታጠባልሽ፣ የማን ጡት ነው ብለሽ ጠይቀሽ ነበር?"

ሠርኬ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች።

አለሙ የሚስቱን የነጠላ ጫፍ ያዘ። "አስኔ፣ ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅነው?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቁርባናችን ቢፈርስብንስ?"

ይህ ልቧን ወጋው። ፈራች፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራች። ግን የጀማለዲንን ባዶ እግር አየች፤ ያ ኩሩ ነጋዴ፣ አቧራ በጫማው ላይ ሲያርፍ የማይወድ ሰው!

"አባቴ" አለች ወደ መምሬ ዞራ። "ጠዋት የተቀበልኩት ደም ስለ ሰው የፈሰሰ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ እሱን አክብሬ፣ አፌን ሸፍኜ ቁጭ ብዬ ጎረቤቴ ትሙት?"

መምሬ ቦጋለ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሐጀራንም በስሟ የሚጠሩ፣ ስትታመምም የሚጠይቁ ናቸው።

"ያልሽው ልክ ነው" አሉ። "ሥርዓቱም ልክ ነው። እኔ የሥርዓቱ ዘበኛ ነኝ። ልሂድ ወይ ብለሽ ከጠየቅሽኝ አልፈቅድልሽም።"

"እንግዲያው አልጠይቅዎትም" አለችና ወጣች።

አለሙ ካፖርቱን አነሳና ተከተላት። ሦስቱም በአንዲት ሰይቼንቶ ታክሲ ተጣበው ሄዱ።

ሆስፒታል ውስጥ፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍ በተሰቀለበት ክፍል፣ ነርሷ ክንዷን አስራ መርፌውን ሰካች። አስናቀች ጠርሙሱ ሲሞላ እያየች ኮራች። አዎ ኮራች፣ ምን ይደበቃል? መርፌው ሲነቀል ነርሷ የጠረገችበትን ጥጥ ወደ ቆሻሻው ልትጥል ስትል እጇን ያዘቻት።

"አምጪው፣ ልጄ። ዛሬ ከእኔ የወጣ ነገር ቆሻሻ ላይ አይወድቅም።"

"ጠርሙሱስ?" አለች ነርሷ ፈገግ ብላ።

"እሱማ ወደ ሰው ነው የሚሄደው" አለችና ጥጡን በመሐረቧ ቋጠረችው።

ሐጀራ ሐሙስ ዕለት ልጇን ታቅፋ በእግሯ ወደ ቤቷ ገባች። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በደስታ እልል አለ። ሠርኬ እንኳ ገንፎ ይዛ ሄደች።

ዓርብ አስናቀች ለንስሐ መምሬ ቦጋለ ፊት ቀረበች።

"ሰባት ቀን ትጾሚያለሽ" አሏት። "በየቀኑም አርባ አርባ ትሰግጃለሽ። ብቻ አስቀድመሽ 'ተጸጽቻለሁ' በይ።"

"ስግደቱን መቶ ያድርጉልኝ፣ አባቴ።"

"ለምን?"

"ሥርዓት ማፍረሴን አውቃለሁ፤ ለእሱ መቶም ያንሰኛል። ተጸጽቻለሁ ግን አልልም። ነገ ቆርቤ ሐጀራ ብትታመም፣ ነገም እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ፊት ቆሜ አልዋሽም።"

መምሬ ቦጋለ መስቀላቸውን ጨበጥ አደረጉ።

"መቶው ይሁን" አሉ። "ሲደክምሽ ግን ዐረፍ በይ፤ ደም የሰጠሽ ሰው ነሽ።"

"አይደክመኝም" አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ወደ ምሥራቅ ዞራ የመጀመሪያውን ሰገደች።